አልተለጠፈም፣ ተቸክሏል

ይድረስ ለጋዜጣው ዝግጅት ክፍል፦

ውድ አዘጋጆች፣ በቅድሚያ ሰላምታዬ ይድረሳችሁ። የሳይንስ ገጻችሁን አንድም ሳምንት አምልጦኝ አያውቅም ብል ውሸት ይሆንብኛል። ካገኘሁት ግን አላልፈውም። ባለፈው ስለ ባክቴሪያ ያወጣችሁትንም ሁለት ጊዜ አነበብኩት። አንዴ ደስ ብሎኝ፣ አንዴ ደግሞ እስክሪብቶ ይዤ።

ጽሑፉ ጥሩ ነው። ጸሐፊው እንደለፋበት ያስታውቃል። ቅር ያለኝ በአንዲት ቃል ነው። የባክቴሪያ ፕሮቲኖች በሴሉ ሽፋን ላይ «ተለጥፈው» እንደሚኖሩ ተጽፏል። በቃ። ከዚያ ወደ ሌላ ነገር ታለፈ። የኔ ሥራ ደግሞ ያቺው «ተለጥፈው» ናት። ላብራቶሪ ውስጥ 19 ዓመት የቆየሁት ያቺን አንዲት ቃል ስፈታ ነው ማለት ይቻላል። ስለዚህ ዝም ብዬ ማለፍ አልሆነልኝም።

መጀመሪያ ሽፋኑን እንየው። ሽፋኑ ሁለት ንብርብር ስብ ነው። የስቡ ሞለኪውሎች ውሃ የሚወድ ጭንቅላትና ውሃ የሚጠላ ጭራ አላቸው። ጭራ ለጭራ ገጥመው፣ ጭንቅላታቸውን ወደ ውጭ አድርገው ይደረደራሉ። መሀሉ ንጹህ ቅባት ነው። የቅባቱ ውፍረት 3 ናኖሜትር ገደማ ቢሆን ነው። አብዛኛው ፕሮቲን ደግሞ ውሃ ወዳጅ ነው። ታዲያ ውሃ የሚወድ ነገር ቅባት ላይ እንዴት ይቆያል? ሙጫ የለም። የቀባም የለም። «ተለጠፈ» የሚለው ቃል ይህን ጥያቄ ጭራሽ ሳይነሳ ይዘጋዋል። የተናደድኩትም ለዚህ ነው። (ተናደድኩ ማለት እንኳ ይበዛል። ከነከነኝ በሉት።)

አማርኛችን እኮ በዚህ በኩል ሀብታም ነው። የሚሰካ አለ፣ የሚደገፍ አለ፣ የሚንጠለጠል አለ፣ የሚቸከል አለ። ባክቴሪያውም እንደዚያው ነው።

የሚሰኩት ቅባቱን ከዳር እስከ ዳር በስተው የሚያልፉ ናቸው። ከፕሮቲኑ ሰንሰለት ላይ 20 ያህል ቅባት ወዳድ አሚኖ አሲዶች (የሰንሰለቱ ቀለበቶች) በተርታ ይመጡና እንደ ምንጭ ሽቦ ይጠቀለላሉ። ያ ጥቅልል የቅባቱን ውፍረት ልክ ይሞላል። አንዳንዱ ፕሮቲን አንዴ ብቻ ያልፋል፣ አንዳንዱ ደግሞ ወዲያና ወዲህ አሥራ ሁለቴ ይመላለሳል።

የሚደገፉት ሌላ ናቸው። ኢ ኮላይ በሚባለው የአንጀት ባክቴሪያ ውስጥ ሚንዲ የሚባል ፕሮቲን አለ። ጫፉ ላይ አንድ ጎኑ ቅባት፣ ሌላ ጎኑ ውሃ የሚወድ አጭር ጥቅልል አለው። ኤቲፒ (የሴሉ ማገዶ) ሲይዝ ያንን ጎኑን ቅባቱ ላይ ጋደም ያደርጋል። ኤቲፒው ሲሰበር ይለቃል። ከሴሉ አንዱ ጫፍ ወደ ሌላው ጫፍ ደርሶ እስኪመለስ አንድ ደቂቃ ገደማ ይፈጅበታል። ደግሞ ይሄዳል፣ ደግሞ ይመለሳል። ሴሉ ሲከፈል መሀሉን የሚያገኘው በዚህ ምልልስ እርዳታ ነው። እስቲ ይህን «ተለጥፏል» በሉት! ሰው ግድግዳ ተደግፎ ሲያርፍ ተለጠፈ ይባላል እንዴ?

አሁን ወደ ራሴ ጉዳይ ልምጣ፤ ወደሚቸከሉት። ስማቸው ሊፖፕሮቲን ነው። አደራ፣ የኮሌስትሮል ምርመራ ውጤት ላይ ከምታዩት ጋር እንዳታምታቱት። ያኛው በደም ውስጥ ስብ ተሸክሞ የሚዞር የፕሮቲንና የስብ እንክብል ነው። የባክቴሪያው ግን አንድ ፕሮቲን ሆኖ፣ ራሱ ላይ የስብ ጭራ በጽኑ ኬሚካዊ ትስስር የታሰረለት ነው። ሳሙና ውስጥ ከትታችሁ ብታፈሉት እንኳ ጭራውን አይለቅም። ጭራው ቅባቱ ውስጥ ይገባል። ፕሮቲኑ ውሃው ውስጥ እንደልቡ ይወዛወዛል። መጻሕፍት ይህን «መልህቅ» ይሉታል። ለኔ ችካል ይሻላል። መልህቅ ይጣላል፣ ይነሳል። ይህ ግን ተቸክሎ ይቀራል።

አቸካከሉ እንዲህ ነው። ፕሮቲኑ ሲሠራ ፊቱ ላይ «ወደ ሽፋኑ ውሰዱኝ» የሚል ምልክት ይዞ ይወጣል። ይህ ምልክት 20 ገደማ አሚኖ አሲድ ነው፤ ከፕሮቲን ፕሮቲን ትንሽ ይለያያል። ፕሮቲኖች እንዲህ ያለ አድራሻ ይዘው እንደሚወለዱ በማሳየቱ ጉንተር ብሎበል እ.ኤ.አ. በ1999 የኖቤል ሽልማት ወስዷል። በሊፖፕሮቲኖች ላይ ግን አድራሻው ካለቀበት ቦታ ቀጥሎ ሁልጊዜ አንድ አሚኖ አሲድ ይቆማል፤ ሲስቴይን። ሌላ አይሆንም። ሲስቴይን ድኝ አለው፣ ችካሉ የሚታሰረውም በድኙ ላይ ነው።

ሦስት ኢንዛይሞች ተራ በተራ ይመጣሉ። የመጀመሪያው ኤልጂቲ ይባላል። ከሽፋኑ ከራሱ ላይ አንድ የስብ ሞለኪውል ይወስድና ሁለት ጭራ ያለውን ክፍል ቆርሶ ሲስቴይኑ ድኝ ላይ ያስራል። እዚህ ላይ ሁልጊዜ ፈገግ እላለሁ። ፕሮቲኑን ሽፋኑ ላይ ለመቸከል ችካሉ የሚጠረበው ከዚያው ከሽፋኑ ነው። ሁለተኛው ኤልኤስፒኤ ነው። እሱ ያንን አድራሻ ልክ ሲስቴይኑ ጫፍ ላይ ይቆርጠዋል። አድራሻው እስካሁን ፕሮቲኑን ሽፋኑ ላይ ይዞት ነበር፤ እንዲህ ከተቆረጠ ፕሮቲኑ ሊበር አይደለም ወይ? አይበርም። ኢ ኮላይ ውስጥ ኤልኤስፒኤ የሚቆርጠው ጭራዎቹ ቀድመው የታሰሩለትን ብቻ ነው። ችካሉ ሳይገባ ገመዱ አይለቀቅም። ሦስተኛው ኤልኤንቲ ነው። አድራሻው ሲቆረጥ ባዶ በቀረው የሲስቴይኑ ናይትሮጅን ላይ ሦስተኛ ጭራ ይጨምራል። ኢ ኮላይ ከሦስቱ ኢንዛይሞች አንዱን እንኳ ቢያጣ አይኖርም።

ይህን የማውቀው ከመጽሐፍ ብቻ አይደለም፤ አፍሬም ጭምር ነው የተማርኩት።

ተማሪ ሳለሁ አንድ ፕሮቲን እንዳወጣ ተሰጠኝ። ጂኑን ሙሉውን፣ ከነአድራሻው ኢ ኮላይ ውስጥ ከተትኩ። ሴሎቹን በድምፅ ሞገድ ሰበርኩ። በፈጣኑ ሴንትሪፉጅ አንድ ሰዓት አዞርኩ። ከላይ የቀረውን ጥርት ያለ ፈሳሽ ይዤ ወደ ማጣሪያው ሄድኩ፣ ከታች የቀረውን ፔሌት ወደ ቆሻሻ ጣልኩ። ፕሮቲኖችን በመጠናቸው በሚለየው ጀል ላይ ሳየው ምንም የለም። ደገምኩ። ምንም። ሙቀቱን ቀየርኩ፣ ጨዉን ቀየርኩ፣ ሌላ የባክቴሪያ ዘር ሞከርኩ። ስድስት ሳምንት እንዲህ ሄደ። በመጨረሻ ጂኑን መጠራጠር ጀመርኩ።

አጠገቤ የምትሠራ በዕድሜ የምትበልጠኝ ቴክኒሻን ነበረች። ብዙ አታወራም። አንድ ቀን ጀሉን ከእጄ ወስዳ በብርሃን አየችና «ፔሌቱን የት አደረግሽው?» አለችኝ።

«ጣልኩት።»

«ሁሉንም?»

«ሁሉንም።»

ከዚያ በላይ አልተናገረችም። በማግስቱ ፔሌቱን አስቀረሁ። የሽፋን ፔሌት አይታችሁ የምታውቁ እንደሆነ አላውቅም። ከቱቦው ሥር ቡናማ መሳይ፣ ብርሃን የሚያሳልፍ፣ በጫፍ ስትነኩት የሚሳብ ነገር ነው። እሱን በሳሙና አሟሟሁና ጀል ላይ ጫንኩ። ያ ስድስት ሳምንት የፈለግሁት የፕሮቲኑ መስመር እንደ ጣት ወፍሮ ቁጭ ብሏል! ሳላውቅ ሊፖፕሮቲን ነበር የያዝኩት። ተቸክሎ ሳለ ውሃው ውስጥ ስፈልገው ከረምኩ። ኋላ ጂኑን አሳጠርኩት። አድራሻውንና ያቺን አንዲት ሲስቴይን ቆርጬ ከቀጣዩ አሚኖ አሲድ አስጀመርኩት። ፕሮቲኑ ሽፋኑን ጥሎ ውሃው ውስጥ ገባ፣ ማጣሪያውም ላይ ያለ ችግር ወጣ።

ለተማሪዎቼ ይህን በሌላ መንገድ አሳያቸዋለሁ። ትራይተን ኤክስ-114 የሚባል ሳሙና አለ። በበረዶ ላይ እንደ ውሃ የጠራ ነው። የተሰበሩ ባክቴሪያዎችን በዚህ ሳሙና በረዶ ላይ እናቆያለን። ከዚያ ቱቦውን ሙቅ ውሃ ውስጥ፣ 37 ዲግሪ ላይ እናስገባለን። ዓይናችን እያየ ይደፈርሳል፤ ዝም ብሎ ወተት ይሆናል። ሳሙናው ሲሞቅ ከውሃው ይሸሻል። ትንሽ ስናዞረው ከታች አንዲት የቅባት ጠብታ ትቀራለች፣ ከላይ ጥርት ያለ ውሃ። ውሃ ወዳጆቹ ፕሮቲኖች ላይ ይቀራሉ። ባለጭራዎቹ ጠብታዋ ውስጥ ይገባሉ። ተማሪ ሁሉ እዚህ ላይ አንገቱን ያሰግጋል። ጭራ ያለውና የሌለው በአምስት ደቂቃ ውስጥ ቦታቸውን ይለያሉ። ዘዴው እ.ኤ.አ. ከ1981 ጀምሮ የታወቀ ነው፣ እስከ ዛሬ የሚተካው አላየሁም።

ከሊፖፕሮቲኖች ሁሉ በደንብ የሚታወቀው የብራውን ሊፖፕሮቲን ነው። ጀርመናዊው ፎልክማር ብራውን እ.ኤ.አ. በ1969 ኢ ኮላይ ላይ አገኘው። እ.ኤ.አ. በ1973 ከክላውስ ሃንትከ ጋር ሆነው ስቡ እንዴት እንደታሰረ አሳዩ። ሲያልቅ 58 አሚኖ አሲድ ብቻ ነው። ኢምንት! ብዛቱ ግን በአንዲት ሴል ውስጥ እስከ አንድ ሚሊዮን ይጠጋል ተብሎ ይገመታል። ቅርጹ እንደ ቀጭን ዘንግ ነው። አንዱ ጫፉ በሦስት ጭራ ውጫዊው ሽፋን ውስጥ ተቸክሏል። ከጠቅላላው አንድ ሦስተኛ ያህሉ ደግሞ ሌላው ጫፉ ከሴሉ ግድግዳ ጋር ተቋጥሯል። ሽፋኑንና ግድግዳውን አቆራኝቶ የያዘው ይህ ነው። ይህ ፕሮቲን የሌለው ባክቴሪያ አይሞትም፤ ግን ውጫዊው ሽፋኑ እየተነፋ ቁርጥራጩ ይወድቃል፣ የውስጡም ይፈስሳል። ተመራማሪዎች ዘንጉን በጂን ሥራ ሲያስረዝሙት በሁለቱ ሽፋኖች መካከል ያለው ክፍተት አብሮ ሰፋ። የቤት ምሰሶ ሲረዝም ጣሪያው ከፍ እንደሚል ማለት ነው።

ሁለቱ ሽፋኖች አልኩ አይደል? እዚህ ላይ ደግሞ ጽሑፋችሁ ሌላ ነገር ዘሏል። ኢ ኮላይ ሁለት ሽፋን አለው፣ ውስጠኛና ውጫዊ። ሊፖፕሮቲን የሚቸከለው መጀመሪያ ውስጠኛው ላይ ነው። አብዛኞቹ መኖር ያለባቸው ግን ውጫዊው ላይ ነው። በመሀል ውሃ አለ፣ ጭራው ደግሞ ውሃ አይወድም። እንዴት ይሻገር? ሎል የሚባል የማመላለሻ ቡድን አለ። አንደኛው ክፍል ኤቲፒ እያቃጠለ ፕሮቲኑን ከውስጠኛው ሽፋን ይነቅለዋል። ሎል-ኤ የሚባለው ሦስቱን ጭራዎች ጉያው ውስጥ ሸሽጎ ውሃውን ያሻግራል። ውጫዊው ሽፋን ላይ ሎል-ቢ ይቀበላል። ሎል-ቢ ራሱ ሊፖፕሮቲን ነው! ታዲያ የመጀመሪያውን ሎል-ቢ ማን ተቀበለው? አንድ ተማሪ ጠይቆኝ ነበር። መልሱ ሴሉ ከእናቱ ይወርሰዋል ነው፤ ባዶ እጁን የሚጀምር ሴል የለም። ልጁ ግን «እናቱስ?» አለኝ። ክፍሉ ሳቀ፣ እኔም ሰዓቱን አየሁ።

ማን ይሻገር፣ ማን ይቅር የሚለውን የሚወስነው ደግሞ ከሲስቴይኑ ቀጥሎ ያለው አሚኖ አሲድ ነው። ኢ ኮላይ ላይ እዚያ ቦታ አስፓርቲክ አሲድ ካለ ፕሮቲኑ ውስጠኛው ሽፋን ላይ ይቀራል። ሴሪን ካለ ይሻገራል። አንዲት ፊደል እንደማለት ነው። ሌሎች ባክቴሪያዎች ሌላ ደንብ አላቸው፣ አሁን አልገባበትም።

ቦታ መሳት ቀላል ነገር እንዳይመስላችሁ። እ.ኤ.አ. በ1978 የጃፓን ተመራማሪዎች ግሎቦማይሲን የሚባል አንቲባዮቲክ አገኙ። ይህ መድኃኒት ሁለተኛውን ኢንዛይም፣ ቆራጩን ያስራል። አድራሻው አይቆረጥም፣ ፕሮቲኑም አይሻገርም። ያ ሁሉ የብራውን ሊፖፕሮቲን ውስጠኛው ሽፋን ላይ ተቸክሎ ይከማቻል። ሌላው ጫፉ ግን ግድግዳውን መቋጠሩን አይተውም። ውስጠኛው ሽፋን በማያገባው ግድግዳ ይታሰራል፣ ሴሉም ይሞታል። ታዲያ ይህን መድኃኒት በደንብ የሚቋቋመው ማን ሆነ? የብራውን ሊፖፕሮቲን ጭራሽ የሌለው ባክቴሪያ! መኖሩ የሚጠቅመው ፕሮቲን ቦታውን ሲስት ገዳይ ሆነ፣ የሌለው ተረፈ። እኔ በዚህ ሥራ ከማውቃቸው ነገሮች ሁሉ የምወደው ይህን ነው።

ሌላው ቅሬታዬ ሥዕሉን ይመለከታል። ከጽሑፉ ጎን አንድ ፕሮቲን ሽፋን ላይ ቆሞ ተስሏል። ቆንጆ ሥዕል ነው። ከሥሩ «ኢ ኮላይ» ይላል። ጭራዎቹን ቆጠርኳቸው፤ ሁለት ናቸው። ኢ ኮላይ ላይ ሲያልቅ ሦስት ነው። ብዙዎቹ ግራም ፖዘቲቭ (ውጫዊ ሽፋን የሌላቸው) ባክቴሪያዎች ኤልኤንቲ የላቸውም፣ ስለዚህ ከእነሱ ብዙ ሊፖፕሮቲኖች ላይ ሁለት ጭራ ይገኛል። ሥዕሉ የእነሱ ከሆነ ስሙ ተሳስቷል። ስሙ ልክ ከሆነ አንድ ጭራ ጎድሏል።

አውቃለሁ፣ ጓደኞቼም ነግረውኛል፤ ጭራ መቁጠር የሥራ ፈት ነገር ይመስላል። ግን ሰውነታችን ራሱ ይቆጥራል። የመከላከያ ሴሎቻችን ላይ ቲኤልአር-2 የሚባል ተቀባይ አለ፤ ከባክቴሪያው ሊፖፕሮቲን ላይ የሚይዘው ጭራውን ነው። ብቻውን ግን አይሠራም፣ ጓደኛ ይፈልጋል። ሦስት ጭራ ሲመጣ ጓደኛው ቲኤልአር-1 ነው። ሁለቱ ጭራዎች ቲኤልአር-2 ኪስ ውስጥ ይገባሉ፣ ሦስተኛዋ ቲኤልአር-1 ኪስ ውስጥ። ሁለት ጭራ ብቻ ከሆነ ግን ቲኤልአር-6 ይመጣል። ከዚያ ሴሉ ማንቂያውን ያሰማል። ክትባት የሚሠሩ ሰዎችም ይህንን ተጠቅመውበታል። ለማጅራት ገትር ቢ ዓይነት ከተሠሩት ክትባቶች አንዱ፣ እ.ኤ.አ. በ2014 አሜሪካ ውስጥ የተፈቀደው ትሩመንባ፣ የባክቴሪያውን ሊፖፕሮቲን ከነጭራው ነው የያዘው። ጭራውን ቆርጦ ማውጣት ይቀል ነበር፤ እኔም ያኔ ያደረግሁት እሱን ነው። እነሱ ግን አልቆረጡትም።

ስለዚህ የምጠይቃችሁ ሁለት ነገር ነው። በሚቀጥለው ዕትም ከገጹ ሥር ባለችው ትንሽ የእርማት ሳጥን ውስጥ «ተለጥፈው» የሚለው «ተቸክለው፣ ተሰክተው ወይም ተደግፈው» ተብሎ ይነበብ በሉልን። ረዘመ ካላችሁ «ተቸክለው» ብቻዋን ትበቃኛለች፤ አድልቼ እንደሆነ አውቃለሁ። ሥዕሉ ላይ ደግሞ አንድ ጭራ ጨምሩ። ሠዓሊው እንዳይቸገር፣ አዲሷ ጭራ ከሁለቱ ጋር ድኙ ላይ ሳይሆን ናይትሮጅኑ ላይ ናት የምትታሰረው።

የዚያችን የሳሙና ቱቦ ፎቶ ከደብዳቤው ጋር ልኬላችኋለሁ። በስልክ የተነሳ ስለሆነ በጣም አይጠራም። ከታች የምትታየዋ ጠብታ ግን ቆሻሻ አይደለችም፣ እንዳትቆርጧት።

አክባሪያችሁ፣
አንዲት የላብራቶሪ ሠራተኛ